ለአንድ እጅ የተሞረደ ሽጉጥ

ፌረል ማዶክስ ቀኝ ጎኑ ከሞተ በኋላ ሳይቆራረጥበት የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ስለ ሕመሙ አልነበረም። በጸደይ መግቢያ ወድቆ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ፣ የሙቀቱን ወራት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጅረቱን ሲያይ ከርሞ፣ አንድ ማለዳ ሚስቱ ሊዮታ እንቁላልና ብስኩት ስታቀርብለት ቀና ብሎ አያትና «ያንን ሽጉጥ ሥሪልኝ» አላት።

ሊዮታ ሳህኑን አስቀመጠች። ለወራት ከአፉ የሚወጣው «ውሃ»፣ «አዎ»፣ «ተይኝ» ብቻ ስለነበር ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ደስታው አልመጣላትም።

«የቱን ሽጉጥ?» አለችው፣ የቱ እንደሆነ እያወቀች።

«ትልቁን።»

ትልቁ ሽጉጥ የጥንት ፈረሰኞች ከኮርቻቸው ያንጠለጥሉት የነበረው ዓይነት ስድስት ጎራሽ ነው። ዕድሜው ግን የጥንት አይደለም፤ ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ የድሮውን መልክ አስመስሎ የሠራው ነው። እንደ ዛሬው መሣሪያ ጥይት ከነቀለሁ አይጎርስም። የሲሊንደሩን ስድስት ጎሬዎች አንድ በአንድ ባሩድ ይሞሏቸዋል፤ በላዩ የእርሳስ ድቡልቡል ይጠቀጥቃሉ፤ አፉን በሞራ ይደፍናሉ፤ ከኋላ ደግሞ ጡት በሚባሉት ስድስት አጫጭር የብረት ጫፎች ላይ ስድስት ትናንሽ የመዳብ ቆቦች ይደፋሉ። መዶሻው ቆቡን ሲመታው ቆቡ እሳት ይተፋል፣ ባሩዱ ይቀጣጠላል፣ ሽጉጡም እንደ ኮርማ አጓርቶ ባለቤቱን በነጭ ጭስ ይጋርደዋል። እነሱ በሚኖሩበት በአሜሪካ ኦዛርክ ኮረብቶች የጠመንጃው አደን ወቅት ተዘግቶ የከተማው ሰው ሁሉ ወደ መጣበት ሲመለስ፣ ከገና በኋላ እንዲህ ያለውን የድሮ መሣሪያ ይዞ ለሚወጣ ጥቂት ቀናት ይፈቀዳሉ። ፌረል ከዓመቱ ሁሉ የሚወደው እነዚያን ቀናት ነበር። ጫካው ጸጥ ይላል፤ ሰው አጠገብ ካልደረሰ በቀር መተኮስ አይችልም፤ አጋዘኑም ዕድሉን ያገኛል።

ከመታመሙ በፊት በነበረው የበረዶ ክረምት ሽጉጡን ይዞ ወጥቶ ነበር። አንዲት ሴት አጋዘን ከጥዱ ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ተኮሰ። ጥይቱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሆዷ ላይ አረፈ። ቶሎ ሊደግምላት መዶሻውን ሲስብ የፈነዳው ቆብ ቅራፊ ወደ ሽጉጡ ሆድ ወርዶ ተሰነቀረና መዶሻው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ያቺ እንስሳ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ምን እንዳገኛት እንዳልገባት ሁሉ ትንሽ አየችውና እግሯን እየጎተተች ወደ ጥዱ ተመለሰች። ፌረል ሁለት ቀን ደሟን ተከትሎ ጫካውን አሰሰ። አላገኛትም። ቤት ሲመለስ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ «እስኪስተካከል ድረስ ዳግመኛ እጄ አይነካውም» አለ። ሳያስተካክለው ሕመሙ ቀደመው።

እንግዲህ ሊዮታ ብረት እጇ ላይ ባዳ የሚሆንባት ሴት አልነበረችም። ከተማው ውስጥ የነበረው የሱሪ ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆና ነው የኖረችው። የሞላን ባሕርይ፣ የትንሽ ብሎንን አመል፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚያሰማውን ቅሬታ ታውቃለች። ስለ ሽጉጥ የሚያውቀው ግን ፌረል ነበር። ስለዚህ እሱ በቀሩት ቃላትና በግራ እጁ ጣት እያመለከተ ያስረዳል፤ እሷ ትፈታለች፤ እሱ ያያል፤ እሷ ትሞርዳለች። የጋራዡን በር ከፍተው ብረት አጣብቆ ከሚይዘው ሞርሳ አጠገብ ወንበሩን ካስቀመጠችለት በኋላ ጠዋቱ መቼ እንዳለፈ ሳያውቁት ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የፌረል ቀኝ እጅ ሞቷል። በግራው ያንን ከባድ ብረት ይዞ በዚያው እጅ አውራ ጣት መዶሻውን መሳብ አለበት። መዶሻውን ወደ ፊት የሚፈናጥረው ሞላ ደግሞ እንደ አይጥ ወጥመድ ጠንካራ ነው። ሞክሮ መዶሻው ከአውራ ጣቱ ሥር አመለጠው። ሁለት እጅ ያለው ሰው ቆብ ቢሰነቀርበት በሌላው እጁ ጠርጎ ያወጣል፤ ለፌረል ግን የተሰነቀረ ቆብ ማለት ያለቀ አደን ማለት ነው፤ ምናልባትም ቆስላ የምትሄድ ሌላ አጋዘን።

ሊዮታ ሞላውን አወጣችና ጎንና ጎኑን በድንጋይ እየፈገፈገች አቀጠነችው። ትንሽ ትሞርዳለች፣ ትገጥማለች፣ ፌረል በአውራ ጣቱ ይስባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ እንደገና ታወጣለች። በመጨረሻ መዶሻው እሺ ብሎ ወደ ኋላ ሄደለት። የፊቱ የዳነው ግማሽ ፈገግ አለ።

ባሩድ ሳያጎርሱ ቆቦቹን ብቻ ደፍተው ሲሞክሩት ግን ሌላ ጣጣ ወጣ። ከስድስቱ ቆቦች ሁለቱ ዝም አሉ። ሞላው ሲለሰልስ ምቱም ለሰለሰ።

የፌረል ታናሽ ወንድም ሆይት ከጅረቱ ማዶ ነው የሚኖረው። በየማታው መጥቶ ፌረልን ገላውን በማጠብ ያግዛት ነበር። ያን ዕለት ጋራዡ በር ላይ ቆሞ እጆቿ እስከ ክርናቸው በቅባት ጠቁረው አያት።

«እና አሁን ደግሞ መሣሪያ ሠሪ ሆንሽ? የሱሪ ዚፕ መሰለሽ እንዴ?»

«ዚፕ ቢሆንማ መጀመሪያ አፍህ ላይ ነበር የምሰፋው» አለችው ቀና ሳትል።

ፌረል በግማሽ አፉ ሳቀ። ሆይትም ሳቀ። ግን ወንድሙን አጥቦ፣ አልብሶ፣ አስተኝቶ ሲወጣ ወደ መኪናው አልሄደም። ሊዮታ ልብስ የምታሰጣበት ሽቦ ድረስ መጣና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ሊዮታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እንዳትቆጪኝ።»

«መቆጣት አለመቆጣቴን ስትጠይቀኝ ነው የማውቀው።»

«የአባታችንን ነገር ታውቂያለሽ አይደል?»

ታውቃለች። የማዶክስ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም። የእነ ፌረል አባት ጣውላ መሰንጠቂያው ላይ ግንድ ተንከባሎበት ጀርባው ከተሰበረ በኋላ፣ አልጋ ላይ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ መነሳት የቻለ ዕለት ከብቶቹን አያለሁ ብሎ ከብትና ድርቆሽ ወደሚገቡበት ጎተራ ገባ። በሕይወት አልወጣም።

«ፌረል አልጋው ላይ ሲያፈጥ አይቼዋለሁ» አለ ሆይት። «ያ አፈጣጠጥ የአባዬ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አልረሳውም። አሁን አንቺ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪለት... ምን እንደምትሠሪለት ታውቂያለሽ?»

«ለአደን ነው ያለኝ።»

«ለአደን ከሆነ እሰየው። ካልሆነስ?»

ሊዮታ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆማ መኪናው ጅረቱን ተሻግሮ እስኪጠፋ አየችው። ሆይት የተናገረውን እሷም ያን ማለዳ ሳህኑን ስታስቀምጥ ሰምታው ኖሯል፤ አልሰማሁም ብላ ነው ያለፈችው።

በማግስቱ ፌረል ሳይነሳ ጋራዥ ገባች። የበርሜሉን መያዣ ሽብልቅ መትታ በርሜሉን ከአካሉ ለየች፣ ሲሊንደሩን አወጣች። ያለ ሲሊንደር ሽጉጡ የበር እጀታ ማለት ነው። ሲሊንደሩን በእጅ ፎጣ ጠቀለለችና መኝታ ቤቷ ወስዳ ከአሮጌ ካፖርቶች ሥር ቀበረችው።

«ዛሬ አንሠራም?» አላት ፌረል ከቁርስ በኋላ።

«ዕቃ አዝዣለሁ። እስኪመጣ ነው።»

አያት። ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል፤ ስትዋሽ አፍንጫዋን እንደምትነካ ያውቃል።  ወደ ጅረቱ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት መጥፎ ነበሩ። የጀመራቸው ቃላት ተመልሰው ጠፉ። ምግቡን ይገፋል። የሰውነት ማፍታቻ የምታሠራው ሴት ስትመጣ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል። ሊዮታን ሁለት ሐሳብ እንደ ሁለት በሬ ወዲያና ወዲህ ይጎትታት ጀመር። ብትሰጠው ልታጣው ነው፤ ብትከለክለው ደግሞ ይኸው ዓይኗ እያየ እየሄደባት ነው። ለማን ትናገር? ለቄሱ ትንገር? ለሆይት የምትለው አልነበራትም። ሌሊት አጠገቡ ተኝታ ትንፋሹን ትቆጥራለች።

አንድ ቀን ከጓሮ ድንች ይዛ ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ድንቹ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ ወደ ጅረቱ አየች፤ የለም። ጋራዡ በር ገርበብ ብሏል። ስትገባ ፌረል በምርኩዙ ላይ ተደግፎ ከሞርሳው ፊት ቆሟል። ብቻውን እዚያ ድረስ ሲራመድ ከታመመ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር። ሞርሳው ላይ የታሰረውን የሽጉጡን አካል፣ ሲሊንደሩ ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ ነበር።

«ሆይት... ነገረሽ» አለ ሳይዞር። «ስለ... አባዬ።»

ሊዮታ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«እውነቱን ንገረኝ ፌረል። ለአጋዘን ነው ወይስ ለራስህ ነው?»

 ውጭ የሆነ ቁራ ጮኸ። ፌረል ቃላቱን እያንዳንዳቸውን ከጉድጓድ እንደሚስብ ሰው ፊቱ ተጨማደደ።

«በሙቀቱ ወራት... አስቤያለሁ። በዚህ አይደለም። ጅረቱ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጅረቱ ድረስ ግን... መሄድ አቃተኝ።»

የፊቱ የዳነው ጎን ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ ነበር። ሊዮታም ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠባትና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች።

«አሁንስ?» አለችው ቆይታ።

«አሁን... አልፎ አልፎ። ጠዋት ጠዋት።»

«ታዲያ እንዴት ብዬ ልስጥህ? አንተ በኔ ቦታ ብትሆን ትሰጠኛለህ?»

«አትስጪኝ። አንቺ ያዢው። አንቺ አጉርሺው። አጠገቤ... ተቀመጪ።» ዞሮ አያት። «ሊዮታ፣ ከወደቅሁ ጀምሮ... ሁሉም ሰው ያጥበኛል። ያጎርሰኛል። አንድ ነገር... በእጄ... እስከ መጨረሻው። በደንብ። ያቺን እንደበደልኳት... እንደዚያ ሳይሆን።»

ሊዮታ ተነስታ ፊቷን ጠረገች። ፋብሪካው ውስጥ ከአለቆች ጋር ስትከራከር የምትቆምበትን አቋቋም ቆመች።

«እሺ። ግን በኔ ሥርዓት ነው። ሽጉጡም ባሩዱም እዚህ ቤት አያድሩም፤ ሆይት ቤት ተቆልፈው ይቀመጣሉ። የጠዋቱን ነገር ለሐኪሙ አንተ ራስህ በአፍህ ትነግረዋለህ፤ ዛሬ እደውላለሁ። መሣሪያው ደግሞ እኔ አምኜበት ‹ይበቃል› እስክል ድረስ ጫካ አንገባም። አንዱን እምቢ ካልክ ብረቱን ጅረቱ ውስጥ እወረውረዋለሁ።»

«ጅረቱ ድረስ... አንቺ ትችያለሽ» አለ ፌረል።

ዶክተሩ ዘንድ ሄዱ። ፌረል ቃል እየጎደለበት፣ እያላበው፣ የጠዋቶቹን ነገር ነገረው፤ ሊዮታ አላገዘችውም፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። መድኃኒት ታዘዘለት፤ በየሳምንቱ የምታነጋግረው ሴትም ተመደበችለት። ሊዮታ ሲሊንደሩን ከካፖርቶቹ ሥር ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ሆይትም ነገሩን ሲሰማ «ሣጥኔ ጥሩ ቁልፍ አለው» አለ።  ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲሠሩ ሽጉጡን ይዞት ይመጣል፣ ሲጨርሱ ይዞት ይሄዳል።

ሥራው ቀጠለ። ዝም ያሉት ሁለት ቆቦች ነገር ሊዮታን እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ፌረል አንዱን የብረት ጡት በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ወፍራም» አላት። እውነቱን ነበር፤ ጡቱ ስለወፈረ ቆቡ እስከ ታች አይወርድም፤ የመዶሻው የመጀመሪያ ምት ቆቡን ወደ ታች በመግፋት ብቻ ያልቃል። ስድስቱንም ጡቶች አንድ በአንድ መሰርሰሪያው አፍ ላይ አስራ እያሽከረከረች በቀጭን ሞረድ አሳሳቻቸው፤ ቆቡ በጣት ሲደፋ ጥብቅ ብሎ እስከ ሥሩ እስኪቀመጥ ድረስ። ከዚያ በኋላ የለሰለሰውም ምት ይበቃ ጀመር።

ቀጥሎ የዚያች የቆሰለች አጋዘን ነገር መጣ፤ የቆቡ ቅራፊ። በመዶሻው ግንባር ላይ ያለው ስንጥቅ የፈነዳውን ቆብ እየነከሰ ወደ ኋላ ይጎትተውና ወደ ሽጉጡ ሆድ ይጥለዋል። የድሮ ሰዎች መድኃኒቱን ያውቁት ኖሯል፦ መዶሻው ከሚያርፍበት ስፍራ አንዲት ትንሽ የብረት ችንካር ተተክላ ቆቡን ካለበት እንዳይነቃነቅ ትይዘዋለች። ሊዮታ ከፋብሪካው ዘመን ያስቀረቻትን የስፌት መኪና ብሎን ቆርጣ ችንካሯን ሠራች፣ ቀዳዳውን በስታ ተከለቻት፣ መዶሻው እንዳይነካትም የመዶሻውን ግንባር ስንጥቅ አስፍታ መንገድ ሰጠቻት። አንዲት ፀጉር ያህል ስትስት መዶሻው ችንካሯን መታት፤ አውጥታ እንደገና ሠራች። ፌረል አልቸኮለም። «ቀስ» ይላታል። «ቀስ።»

ከበርሜሉ ሥር ያለው የመጠቅጠቂያ ዘንግ ደግሞ ሽጉጡ ሲያጓራ እየወደቀ ሲሊንደሩን ይቆልፈዋል። ለእሱ ጠንካራ መያዣ በሞላ ሠራችለት። ሽጉጡ ከዒላማው በላይ ስለሚመታ የፊቱን ማነጣጠሪያ አውልቃ ረዘም ያለ የነሐስ ተካች።

ሙከራው ከከብቱ ግጦሽ ጀርባ፣ ከሸክላው ገደል ፊት ነበር። ሆይት ክብ የፓይ መጋገሪያ ቆርቆሮ ለዒላማ ሰቀለ። ሊዮታ ባሩዱን ለካች፣ ድቡልቡሉን ጠቀጠቀች፣ በሞራ ደፈነች፣ ቆቦቹን ደፋች። ፌረል አጥር ላይ ክንዱን አስደግፎ ተኮሰ። ጭሱ ሲገለጥ ቆርቆሮው እንዳለ ነው።

«እግዜር ይመስገን ቆርቆሮው አልተጎዳም» አለ ሆይት። «በሚቀጥለው ለእኔ እዘንልኝ፤ ወደዚህ እየዞረ ነው።»

«ዝም... በል» አለው ፌረል። ከታመመ ወዲህ ወንድሙ በእሱ ላይ የቀለደው የመጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ ሰዎቹ ሁሉ ሲያዝኑለት ሰልችቶታል።

ነሐሱን በሞረድ እያሳጠረች፣ እሱ እየተኮሰ፣ ከሥር ይመታ የነበረው ጥይት ቀስ በቀስ ወደ ቆርቆሮው ከፍ አለ። በሌላ ቀን እንደገና ወጡ። በሌላም ቀን። ሲሊንደሩ ስንት ጊዜ እንደጎረሰ እስኪጠፋቸው ድረስ ተኮሱ፤ መዶሻው አንድም ጊዜ አልተያዘም። የፌረል ግራ እጅም ሥራውን ለመደ። ሊዮታ ግን ርቀቱ ላይ አልተደራደረችም። ከማገዶው ክምር እስከ ዶሮ ቤቱ ባለው ርቀት ቆርቆሮውን አይስትም፤ ከዚያ ራቅ ሲል ይስታል።

«ከዶሮ ቤቱ ወዲያ ያለችዋን እግዜር ይጠብቃት» አለችው። «ወዲህ የመጣችዋ ያንተ ናት። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

ገና አለፈ፤ ወቅቱ ተከፈተ። ሆይት በትንሿ ትራክተር ተጎታች ላይ ፌረልን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አምባው ላይ ወዳለው መሸሸጊያ ወሰደው። ከእንጨትና ከቅርንጫፍ የተሠራች ሦስት ግድግዳ ናት፤ ፊት ለፊቷ ክንድ የሚያርፍበት አግዳሚ አላት። ሽጉጡን ለሊዮታ አስረክቦ ትራክተሩን ይዞ ታች ወርዶ ጠበቀ። ሊዮታ አጎረሰች። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ወፍራም አጋዘን መጣች። ቆመች። ከዶሮ ቤቱ ርቀት ትንሽ ወዲያ ናት። ፌረል ሽጉጡን አግዳሚው ላይ አሳረፈና ብዙ አያት። ትንፋሹ በብርዱ ይታያል። ከዚያ አፈሙዙን ወደ መሬት አዞረ። አጋዘኗ የጭራዋን ነጭ አሳይታ ሄደች። ሊዮታ ፍላስኩን ከፍታ ትኩስ መረቅ ሰጠችው። ኩባያውን በራሱ እጅ ያዘ።

በሦስተኛው ቀን በረዶ ጥሎ ነበር። ፀሐይ ከኮረብታው ሳትወጣ ሦስት አጋዘኖች በቁልቁለቱ ጥድ መሐል ድምፅ ሳያሰሙ መጡ። ሁለቱ ወጣቶች ናቸው። ሦስተኛዋ ግንባሯ የሸበተ፣ ከፊት የምትሄድ አሮጊት ናት። በረዶውን በኮቴዋ እየገለጠች የዛፍ ፍሬ ትለቅማለች፤ እየለቀመች ቀረበች። ጎኗን ሰጠች።

ፌረል መዶሻውን ሳበ። ቀጭ ያለችው ድምፅ አጋዘኗን ቀና አደረጋት። ሽጉጡ አጓራ።

ጭሱ መሸሸጊያዋን ሞላው። ፌረል ምንም አይታየውም። ሊዮታ ወደ ጭሱ ሥር ዝቅ ብላ በአግዳሚው ሥር አየች።

«ተመትታለች» አለች በሹክሹክታ። «ግን ቆማለች። ቆማለች፣ ፌረል። ከአፈሙዝህ ትንሽ ወደ ግራ።»

ባለፈው ዓመት መዶሻው የተያዘበት እዚህ ላይ ነበር።  ሊዮታ ከጎኗ የአውራ ጣቱ አጥንት ሲንቋቋ ሰማች፤ መዶሻው ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ሲሊንደሩ ሲዞር፣ ቦታው ሲገባ ሰማች። ምንም አልያዘውም። ነፋስ ጭሱን ትንሽ ገለጠው። ፌረል አየ፤ ተኮሰ።

ሁለተኛው ጭስ ሲነሳ አሮጊቷ አጋዘን በጎኗ ተኝታለች። እግሯ አንዴ በረዶውን ጫረ፤ ከዚያ ጸጥ አለች። ወጣቶቹ ሄደዋል።

 ሊዮታ ሽጉጡን ከእጁ ወሰደች፤ የቀሩትን ቆቦች አወለቀች። ሁለቱ የፈነዱ ቆቦች ተቀደው፣ ጠቁረው ጡታቸው ላይ ነበሩ። አንድም ቅራፊ አልወደቀም።

«ውሰጂኝ» አላት።

ከመሸሸጊያው እስከ አጋዘኗ ድረስ በበረዶው ላይ በምርኩዝና በሚስቱ ትከሻ ተራመደ። እንደ ምንም ተንበረከከ። ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ እጁን አንገቷ ላይ አሳረፈ። ገና ትሞቃለች። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሊዮታ የሚላትን ለመስማት አልተጠጋችም፤ የሁለቱ ጉዳይ ነው ብላ ዞር አለች። ሲያለቅስ ግን ሰማችው። ከታመመ ጀምሮ አልቅሶ አያውቅም ነበር።

ሆይት ተኩሱን ሰምቶ ወደ ላይ ወጣ። ወንድሙን በበረዶው ላይ ተንበርክኮ ሲያየው ፊቱ ነጣ፤ ሮጠ። ከዚያ አጋዘኗን አየና ቆሞ ጉልበቱን ይዞ ተነፈሰ።

«ሁለት ተኩስ ሰማሁ» አለ። «ሁለተኛውን ስሰማ... ተይው።»

«አንዱ... አልበቃትም» አለ ፌረል። «ትልቅ ሴት... ናት። አክብሮት... ይገባታል።»

ጎተራው ደጃፍ ሰቅለው ሲገፍፏት ሆይት በቢላዋው ይሠራል፣ ፌረል በግራ እጁ እግሯን ይይዝለታል። ሊዮታ ጉበቱን በሽንኩርት ልትጠብስ ወደ ቤት ስትገባ ሁለቱ ወንድማማቾች ከኋላዋ ሲነጋገሩ ሰማች። ስለ አባታቸው ነበር። ሆይት ስለዚያ ቀን ይጠይቃል፤ ፌረል በተቆራረጠ ቃሉ ይመልሳል። እሷ ከገባች በኋላም ድምፃቸው ቀጠለ፤ ምግቡ ደርሶ ሁለት ጊዜ ብትጠራቸውም ቶሎ አልገቡም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋቶቹ ሁሉ ቀና ሆኑ ቢባል ውሸት ነው። አንዳንዶቹ እንደ ድሮው ከባድ ነበሩ። በከባዶቹ ቀናት ፌረል ለሊዮታ «ዛሬ ከፍቷል» ይላታል፤ እሷም ሥራዋን ትታ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ወይም ሆይት ይጠራል።

ፌረል ከዚያ በኋላ ሦስት ክረምት ኖረ። በሚቀጥለው ዓመት ወጣና አንድም ጊዜ ሳይተኩስ ወቅቱ ተዘጋበት፤ አልከፋውም። በሁለተኛው አንዲት አጋዘን በአንድ ጥይት ጣለ። በሦስተኛው አምባው ላይ ለመውጣት አቅም አልነበረውም፤ በረንዳው ላይ ተጠቅልሎ ከሩቅ የሌሎችን ተኩስ እያዳመጠ «ይሄ የጎረቤታችን የቶሚ ነው»፣ «ይሄኛው ቸኮለ» ይል ነበር። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ማለዳ በእንቅልፉ እንዳለ አረፈ።

በቀብሩ ዋዜማ ሆይት ሽጉጡ ያለበትን ባለ ቁልፍ ሣጥን ይዞ መጣና የጓዳው በር ላይ ቆመ።

«ይሄን ምን ላድርገው?»

ሊዮታ ሣጥኑን አየችው። እጇን ዘርግታ ክዳኑን በመዳፏ አንዴ ነካችው።

«ለጊዜው አንተ ጋ ይቆይ» አለችው። «አሁን ና ተቀመጥ። ነገ ሰው ይበዛል፤ ይሄን ድንች ላጥልኝ።»